«አሜዴዎ»፤ ከሳቮያ ቤት እስከ ናይሮቢ የተጓዘ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ወላጆች ለልጃቸው ስም በሚያወጡበት ጊዜ የልባቸውን ምኞት፥ የሃይማኖታቸውን ተስፋ፥ ያለፉበትንም የመከራ ወይም የደስታ ዘመን ባንዲት ቃል ያትማሉ። ይህችም ቃል ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በሚገባበት ቀን በመምህሩ መዝገብ ላይ ትጻፋለች፤ ከዚያም በምስክር ወረቀት፥ በደመወዝ ዝርዝር፥ በመጨረሻም በመቃብር ድንጋይ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ የስምን ታሪክ መመርመር የሥራ ፈት ጨዋታ ሊባል አይገባውም፤ የታሪክ ትምህርት አንዱ ክፍል ነውና።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው «አሜዴዎ» የሚባለው የኢጣልያኖች የወንድ ስም ነው። ይህ ስም ለኢትዮጵያ መምህራን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን ከሦስት ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የኢጣልያ ንጉሥ እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ይኸው ሰው ምርኮኛ ሆኖ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ሞተ። ስለዚህ የዚህን ስም መንገድ የሚከተል ሰው ከላቲን ቋንቋ ተነሥቶ በአልፕስ ተራሮች በኩል አልፎ በአምባ አላጌ ይወርድና በኬንያ ተራራ ግርጌ ይደርሳል። በሚከተለው ትረካ «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ፥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«አሜዴዎ» በመካከለኛው ዘመን ላቲን «አማዴዎስ» ከሚለው ስም የወጣ ነው። ስሙም ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ ከነዚህም አንደኛው «መውደድ» ማለት ሲሆን ሁለተኛው «ዴዎስ» ማለት «አምላክ» ነው። የቃሉ አገጣጠም ሁለት ትርጓሜ ይቀበላል። አንዳንዶች «አምላክን ውደድ» የሚል ትእዛዝ ነው ሲሉ፥ ሌሎች «አምላክን የሚወድ» የሚል የሰው መግለጫ ነው ይላሉ። ፈረንሳዮች «አሜዴ»፥ እስፓንያውያን «አማዴዎ»፥ ካታላኖች «አማዴው» ይሉታል። የትርጓሜው ወንድም የሆነው የግሪኩ «ቴዎፍሎስ» ነው፤ እርሱም «እግዚአብሔርን የሚወድ» ወይም «በእግዚአብሔር የተወደደ» ተብሎ ሊፈታ ይችላል። ጀርመኖች በዚሁ አሳብ «ጎትሊብ»፥ ስላቮች «ቦጉሚል» የሚል ስም አላቸው።

ስሙ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እንዴት እንደሚሻገር ለማስረዳት ከታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ከሞዛርት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1756 በዛልዝቡርግ ሲጠመቅ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የተጻፈለት ስም «ዮሐንስ ክሪሶስቶሞስ ቮልፍጋንግ ቴዎፍሎስ» የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቃላት በኢትዮጵያ «ዮሐንስ አፈ ወርቅ» ተብሎ የሚታወቀው ቅዱስ ስም ናቸው። የመጨረሻው «ቴዎፍሎስ» በሕይወቱ ሳለ ወደ ላቲንና ወደ ፈረንሳይኛ አነጋገር እየተመለሰ፥ እርሱም ብዙ ጊዜ «አማዴ» እያለ እየፈረመ፥ ከሞተ በኋላ ዓለም ሁሉ «አማዴዎስ» ብሎ ያዘው። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ከሁሉ ይልቅ ታውቆ የሚገኘው አማዴዎስ በጥምቀት መዝገቡ ቴዎፍሎስ ነበረ ማለት ነው።

በኢትዮጵያም የዚህ ስም ወንድሞች አያሌ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ቴዎፍሎስ ራሱ አለ። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉንና የሐዋርያትን ሥራ የጻፈው ለቴዎፍሎስ መሆኑን የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በጎንደር ዘመን የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ወንድም ዐፄ ቴዎፍሎስ ከ1700 እስከ 1704 ዓ.ም. ነግሦአል። በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አባትም አቡነ ቴዎፍሎስ ይባሉ ነበር፤ እርሳቸውም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው ከቆዩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል። ከዚህም ሌላ በግዕዝ ሰዋስው የተሠሩ ፍቅረ እግዚእ፥ ፍቅረ ሥላሴ፥ ፍቅረ ክርስቶስ፥ ፍቅረ ማርያም የሚባሉ ስሞች በየመዝገቡ ሞልተዋል። በነዚህም የሚታየው ጥርጥር በላቲኑ እንደሚታየው ያለ ነው። «ፍቅረ እግዚእ» ሲባል ጌታ ሰውን የወደደበት ፍቅር ነው ወይስ ሰው ጌታን የሚወድበት? ዘርፉና ባለቤቱ በሁለቱም ወገን ሊፈቱ ይችላሉ። የሰዋስው መምህር ይህን አንድ ስም በሰሌዳ ላይ ቢጽፍ የግዕዝን፥ የግሪክንና የላቲንን አካሄድ ባንድ ሰዓት ለማስተያየት ይበቃዋል።

ሆኖም የስም ትርጓሜና የባለ ስሙ ሥራ ሁልጊዜ አይገናኙም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ385 እስከ 412 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቴዎፍሎስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ403 ከቁስጥንጥንያ መንበሩ እንዲሻር ካደረጉት ዋነኛው ነበረ። በሞዛርት የጥምቀት መዝገብ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ስሞች በታሪክ የባላንጣ ስሞች ናቸው።

«አሜዴዎ» በኢጣልያ ልዩ ክብር ያገኘው በሳቮያ መሳፍንት ቤት ነው። ይህ ቤት በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ባሉት የአልፕስ ተራሮች በሮች ላይ ተቀምጦ ከአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እያደገ የሄደ ነው። ከቀድሞዎቹ አንዱ ኮንት አሜዴዎ «ጅራቱ» የሚል ቅጽል ስም ነበረው፤ ምክንያቱም፥ እንደሚተረከው፥ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሸንጎ ሲጠራ የሚከተለውን ብዙ አጀብ ውጭ ትቶ መግባትን እምቢ ስላለ ነው። ስድስተኛው አሜዴዎ (እ.ኤ.አ. 1334–1383) በጦር ጨዋታ አረንጓዴ ልብስ ይለብስ ስለ ነበረ «አረንጓዴው ኮንት» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1366 ዘምቶ የጋሊፖሊን ከተማ ከቱርኮች እጅ ወስዶአል። ልጁ ሰባተኛው አሜዴዎ ደግሞ «ቀዩ ኮንት» ይባል ነበር። ስምንተኛው አሜዴዎ እ.ኤ.አ. በ1416 የመጀመሪያው የሳቮያ መስፍን ሆነ። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ብሕትውና ኑሮ ካዘነበለ በኋላ የባዝል ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1439 በሮማው ፓፓ ላይ ተቀናቃኝ ፓፓ አድርጎ መረጠው፤ ስሙንም ለውጦ «አምስተኛው ፌሊክስ» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1449 ግን በገዛ ፈቃዱ ተወው። ዘጠነኛው አሜዴዎ (እ.ኤ.አ. 1435–1472) በሚጥል በሽታ የሚሠቃይ፥ ለድኾች የሚራራ መስፍን ስለ ነበረ የሮማ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1677 ብፁዕ ብላዋለች። ከዚህ ወዲያ ስሙ የጦረኛም የጻድቅም ስም ሆኖ በቤቱ ጸና።

ከቤተ መንግሥት ውጭም ስሙ የተለያየ ኑሮ ያላቸውን ሰዎች ጠርቶአል። በኬሚስትሪ ትምህርት ስሙን የማይጠራው መምህር የለም፤ አቮጋድሮ የሳቮያ ቤት ከተማ በሆነችው በቶሪኖ እ.ኤ.አ. በ1776 ሲወለድ ከተሰጡት ስሞች የሚጠራበት «አሜዴዎ» ነበረ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1811 በእኩል ሙቀትና በእኩል ግፊት ያሉ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል የሞለኪውል ብዛት እንዳላቸው አሰበ። በስሙ የሚጠራውን ቍጥር ግን እርሱ አልቆጠረውም፤ ከሞተ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ የፈረንሳዩ ሊቅ ዣን ፔረን ለክብሩ ሰየመለት። እ.ኤ.አ. በ1884 በሊቮርኖ የተወለደው ሠዓሊ አሜዴዎ ሞዲልያኒም የአይሁድ ቤተ ሰብ ልጅ ነበረ። ስሙ ከሃይማኖት ወሰን አልፎ «አምላክን የሚወድ» በሚለው ሰፊ አሳብ በአይሁድም ቤት ተቀባይነት እንደ ነበረው ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ኬንያ የሚያደርሰውን የዘር ሐረግ መከተል ይገባል። የኢጣልያ የመጀመሪያው ንጉሥ የዳግማዊ ቪቶርዮ ኤማኑኤል ሁለተኛ ልጅ አሜዴዎ ይባል ነበር፤ እርሱም የአኦስታ መስፍን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1870 እስፓንያውያን መርጠው አነገሡት፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ በየካቲት 1873 ዘውዱን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሦስተኛው ልጁ ሉዊጂ አሜዴዎ፥ የአብሩዚ መስፍን፥ አባቱ ዘውዱን ሊተው ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት በማድሪድ ተወለደ። ይህ ልጅ ካደገ በኋላ ታላቅ ተጓዥ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የሩዌንዞሪን ተራራ ከፍተኛ ጫፎች ወጣ። በ1919 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ጎበኘ፤ ኢሶታ ፍራስኪኒ የተባለች የከበረች አውቶሞቢልም በስጦታ አቀረበ። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣልያ ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ የኖረው ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የአብሩዚ መስፍን ግን ጦርነቱን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1933 በሶማልያ ባቋቋመው የእርሻ መንደር ሞቶ ነበር።

የእስፓንያው ንጉሥ የበኵር ልጅ የኤማኑኤል ፊሊቤርቶ የበኵር ልጅ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1898 በቶሪኖ ተወለደ፤ በአባቱ አባት ስም አሜዴዎ ተባለ። በ1930 ዓ.ም. የኢጣልያ ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የገባው እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተደረገውን ፍጅት ያስነሣ ስለ ነበረ፥ ቁመተ ረጅሙና በጠባዩ ለዘብ ያለው መስፍን ሲመጣ የውጭ አገር ሰዎች የአገዛዙ ዘመን የተለወጠ አድርገው ጻፉ። እውነትም መስፍኑ ከግራዚያኒ ጋራ ሲነጻጸር ልዩነት ነበረው፤ መኳንንቱን በማባበልና በድርድር ለመግዛት ይሞክር ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክ የሚመረምር ሰው በጠባይ ወሬ ብቻ ሊረካ አይገባውም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፥ በእርሱ እንደራሴነት፥ በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ተጠግተው የነበሩት የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከቍስለኞች፥ ከሴቶች፥ ከሽማግሌዎችና ከልጆች ጋራ ሳሉ የኢጣልያ ጦር የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ ከዋሻው የወጡትንም ወንዶች በጥይት ፈጀ። ይህን ነገር የኢጣልያ የታሪክ ሊቃውንት ራሳቸው ከጦር መዛግብታቸው አውጥተው አስረድተዋል። «አምላክን የሚወድ» የተባለው ሰው በሾመውና በሚገዛው ሥርዓት ይህ ተደረገ።

ስለ ስም በተለይ ሲነገር ግን ከዚህ የሚያንስ የማይመስል ሌላ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 13 ቀን 1940 የኢጣልያ መንግሥት ከኢጣልያዊ አባትና ከአገር ተወላጅ እናት የሚወለዱትን ልጆች የሚመለከት ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ አባት ልጁን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳያውቀው፥ ልጁም የአባቱን የቤተ ሰብ ስም እንዳይጠራበት ተከለከለ። እንግዲህ በሳቮያ ቤት አንድ ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በጥንቃቄ ሲወርድ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል በኖረበት ሥርዓት፥ በአስመራና በአዲስ አበባ ለተወለዱ ብዙ ሕፃናት የአባት ስም መያዝ በሕግ ወንጀል ያህል ሆነባቸው። በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ በስሙ ላይ የአባቱን ስም ካላስከተለ ማን መሆኑ አይታወቅም፤ በመዝገብም ስሙ ጎዶሎ ይሆናል። በዚያን ዘመን የነበሩ እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት በሚቀርቡበት ጊዜ የአባታቸውን ወይም የወንድማቸውን ስም በአባት ስም ስፍራ ማስጻፍ ግድ ሆነባቸው። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ቢሻርም የጎደለው የመዝገብ መስመር ባንድ ቀን አልተሞላም።

የአገሩ ሰው እንደራሴውን በማዕረጉ «ዱካ ዳኦስታ» ይለው ነበር እንጂ በስሙ አልጠራውም። «ዱካ» በኢጣልያንኛ «መስፍን» ሲሆን በአማርኛ ግን የእግር ፋና ነው፤ ሁለቱ ቃላት ባንድ ድምፅ መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው። የወረራው ዘመን ፋና በአማርኛ ላይ ጥቂት ቃላትን ትቶ ሄዶአል፤ «ፎርኖ»፥ «ፓስታ»፥ «ፒያሳ»፥ «ማኪያቶ» የመሳሰሉት በየዕለቱ ይነገራሉ። ነገር ግን የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ የዕቃና የስፍራ ስም ሲቀበል የልጅ ስም አልተቀበለም። «አሜዴዎ» የሚለው አሳብ ስላልተወደደ አይደለም፤ አሳቡ አስቀድሞ በ«ፍቅረ እግዚእ»ና በ«ቴዎፍሎስ» በቤቱ ነበርና። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ከተነሡት አርበኞች አንዱ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፥ በፈረስ ስማቸው አባ ተጫን፥ መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ፍቅርን በስሙ የተሸከመ ሰው አገሩን ለመጠበቅ መሣሪያ አነሣ፤ ፍቅርን በስሙ የተሸከመ ሌላ ሰው በወራሪ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። ስሞቹ ባንድ ትርጓሜ ይገናኛሉ፤ ሥራዎቹ ግን በሁለት ወገን ይቆማሉ።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያም ቀን ሕዝቡ በተሸነፈው ጠላት ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። እንደራሴው በዚያን ጊዜ ከቀረው ጦሩ ጋራ በአምባ አላጌ ተከቦ ነበር። ግንቦት 11 ቀን እጁን ሰጠ፤ እንግሊዞችም በወታደር ክብር ተቀበሉት። ከዚያ ወደ ኬንያ ተወሰደ። ይህች ኬንያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ከኢጣልያ ጦር ሸሽተው የተሻገሩትን ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎና በታቬታ ሠፈሮች ያስጠጋች አገር ናት። አሁን ደግሞ አሳዳጆቹ በተራቸው ምርኮኞች ሆነው መጡባት። ምርኮኞቹ መንገድ ሠሩ፤ በእ.ኤ.አ. 1942 በስምጥ ሸለቆው ግርጌ በማይ ማሂዩ መንገድ ዳር የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆማ ትታያለች።

መስፍኑ በናይሮቢ አቅራቢያ በዶንዮ ሳቡክ ተራራ አጠገብ ታስሮ ተቀመጠ። በዚያም ወባና የሳንባ ነቀርሳ ያዙት፤ የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም. በናይሮቢ በሐኪም ቤት ሞተ። ዕድሜው አርባ ሦስት ዓመት ነበረ። ከወታደሮቹ ጋራ እንዲቀበር ባለው ፈቃድ መሠረት አስከሬኑ በኒዬሪ ዐረፈ፤ ዛሬም በዚያ ባለው የኢጣልያኖች የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከምርኮኞቹ ዐፅም ጋራ ይገኛል።

ናይሮቢ ራሷ የስም ትምህርት ቤት ናት። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 የምድር ባቡር ሠፈር ሆና ስትቋቋም ስሟን የወሰደችው ከማሳዮች ቋንቋ ነው፤ ትርጓሜውም ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። የመስፍኑ መቃብር ያለበት የኒዬሪ አገር ደግሞ የኪኩዩ ሕዝብ አገር ነው። በኪኩዩ ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል፤ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል፤ ሴቶች ልጆችም በዚሁ ሥርዓት በአያቶቻቸው ስም ይጠራሉ። በዚህም አያት በልጅ ልጁ እንደገና የተወለደ ያህል ይቆጠራል። የሳቮያው መስፍን ለአባቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆኖ በአባቱ አባት ስም «አሜዴዎ» መባሉን ያስተዋለ የኪኩዩ ሽማግሌ በሥርዓቱ ፍጹም የተሰየመ ልጅ ነው ማለቱ አይቀርም። በቶሪኖ ቤተ መንግሥትና በኒዬሪ ጎጆ አንድ ሕግ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ቅኝ ገዦች ግን አንደኛውን «የዘር ሐረግ»፥ ሁለተኛውን «የጎሣ ልማድ» ብለው በሁለት መዝገብ ጻፉት። የኢትዮጵያው ሥርዓት ከሁለቱም ይለያል፤ አያት በልጅ ልጁ ስም ውስጥ አይደገምም፥ ነገር ግን በሦስተኛው ቦታ ላይ ቆሞ የልጁ ስም ሲጠራ አብሮ ይጠራል።

በኬንያ የስም ጉዳይ የነፃነት ጉዳይም ሆኖአል። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የሚጠመቅ ልጅ የኤውሮፓ ስም ይቀበል ነበር። «ጆንስተን ካማው» ተብሎ የተጠመቀው ተማሪ ጆሞ ኬንያታ የሆነው ስሙን ራሱ መርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በለንደን ስለ ኢትዮጵያ ለመከራከር በተቋቋመው የአፍሪካውያን የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር ኬንያታ ጸሐፊ ነበረ፤ ስለዚህ የስሙና የኢትዮጵያ ጉዳይ ባንድ ሰው ሕይወት ተገናኝተዋል። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም «ጄምስ» የሚለውን የጥምቀት ስሙን ትቶ በኪኩዩ ስሙ ብቻ ተጠርቶአል።

ኢጣልያኖቹም በዚሁ ጦርነት በስማቸው ላይ የደረሰውን ዐይተዋል። አሜዴዎ ጊዬ የተባለው የፈረሰኛ መኰንን እ.ኤ.አ. በጥር 1941 በኤርትራ በኬሩ ላይ ፈረሰኞቹን ይዞ በእንግሊዝ ጦር ላይ ከዘመተ በኋላ፥ መንግሥቱ ሲሸነፍ እጁን አልሰጥም ብሎ ተደበቀ። በመጨረሻ ወደ የመን ያሻገረው የለበሰው የአረብ ልብስና «አሕመድ ዓብደላ» የሚለው ስም ነው። «አሜዴዎ» በሕይወት ለመኖር ሲል «አሕመድ» ሆነ። በአዲስ አበባ የቅኝ አገር ሹም የነበረው ፌሊቼ ቤኑትሲ ደግሞ በናንዩኪ ምርኮኞች ሠፈር ታስሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ አምልጦ በኬንያ ተራራ ላይ ወጣ፤ ከጫፎቹ በአንዱ ላይ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ተክሎ ወደ እስር ቤቱ በገዛ እግሩ ተመለሰ። «ፌሊቼ» ማለት «ደስተኛ» ማለት ነው፤ ስምንተኛው አሜዴዎ ፓፓ ተብሎ በተመረጠ ጊዜ የያዘውም ይኸው ስም ነበረ። ደስታ በሽቦ አጥር ውስጥ የሚገኝ ነገር ባይመስልም ይህ ምርኮኛ እንደ ስሙ ሆኖ ተገኝቶአል።

መስፍኑ በሞተ በዓመቱ፥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943፥ የወንድሙ ልጅ በፊሬንዜ ተወለደ፤ አሜዴዎ ተባለ። የኢጣልያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1946 በድምፁ ንጉሣዊውን መንግሥት ሻረ፤ ስሙ ግን ዙፋን ሳይኖረው እ.ኤ.አ. እስከ 2021፥ ባለ ስሙ እስከ ሞተበት ድረስ፥ ኖረ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የተባለው እንዲህ ባለው ነገር ይታወቃል። መንግሥት ይሻራል፥ ውል ይፈርሳል፥ ሕግ ይለወጣል፤ ስም ግን ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል።

ከዚህ ሁሉ መምህራን የሚያገኙት ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፥ የስም ትርጓሜ የሥራ ምስክር ወረቀት አይደለም። አምላክን መውደድ በስም ላይ ተጽፎ በሥራ ላይ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሰውን በስሙ ማማር፥ በቁመቱም በጠባዩም ለዘብታ ሳይሆን በዘመኑ በተደረገው ነገር መመዘንን ይማር። ሁለተኛ፥ ባለ ስሙ በደለ ተብሎ ስሙ ሊጠላ አይገባም። አቮጋድሮን የሚያጠና ተማሪ የዘረትን ግፍ ሳይረሳ የኬሚስትሪውን ሊቅ ሊያከብር ይችላል፤ ሁለቱንም በየቦታቸው የሚያስቀምጥ አእምሮ የትምህርት ፍሬ ነው። ሦስተኛ፥ የልጅን ስም በመዝገብ የሚጽፍ እጅ ትልቅ ሥልጣን አለው። እ.ኤ.አ. የ1940 ሕግ ልጆችን የጎዳው በጥይት ሳይሆን በመዝገብ ነበረ። ስለሆነም መምህር የተማሪውን ስም አጥርቶ ይጻፍ፤ በሆሄ ስሕተት አያበላሸው፤ በሚያስቅ አጠራር አያዋርደው፤ የአባት ስም የጎደለበት ልጅ ቢመጣ በክፍሉ ፊት «አባትህ ማነው?» ብሎ ከመጠየቅ እናቱን ለብቻዋ ጠርቶ ይነጋገር። ከየትኛውም ብሔረሰብ ወይም ሃይማኖት የመጣ ልጅ ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ ወላጆቹን ጠይቆ በክፍል ውስጥ እንዲያስረዳ ቢደረግ፥ ያ አንድ ሰዓት የሰዋስውም የታሪክም የጨዋነትም ትምህርት ይሆናል። በኒዬሪ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ስምና በኢትዮጵያ ገጠር ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ዛሬ የሚጻፈው ስም በዚህ እኩል ናቸው፤ ሁለቱንም አንድ ወላጅ በተስፋ አውጥቶአቸዋል፤ ተስፋው እንዲፈጸም የሚያደርገው ግን ባለ ስሙና ያስተማረው ሰው ነው።